የአማቴ ትንፋሽ በጎሚስታ ጌጅ

እኔ ገማች ነኝ። ቃሊቲ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ አሥራ አራት ዓመት ሞላኝ፤ የተደረደረ ጆንያ ካየሁ ሳልቆጥር ስንት እንደሆነ እነግራችኋለሁ። አንዳንድ ጊዜም ልክ ይሆናል። ከሥራ ውጭም አላርፍም፤ የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ፣ የጎረቤት ድግስ ስንት ሰው እንደሚያበላ ሳልጠየቅ እገምታለሁ። ሚስቴ ሰናይት «የእሱ ግምት ጥሩነቱ፣ ተቃራኒውን ካደረጉ አለመሳሳት ነው» ትላለች። እንግዲህ የሰው ትንፋሽ ለመገመት የተነሳሁት ይህን የመሰለ ምስጋና ቤቴ ውስጥ ተሸክሜ ነው።

ሰውየው የሰናይት አባት ጋሽ ተሰማ ናቸው። አቃቂ ተወልደው፣ አቃቂ አድገው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በጥጥ ፋብሪካ መፍተያ ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከእኛ ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ስማቸው ተሰማ ነው፤ ይሰማሉም። መፍተያ ክፍሉ ውስጥ ማሽኑ ሲጮህ ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ አይሰማም ነበር ይላሉ፤ እዚያ ያደገ ድምፅ ደግሞ ባለቤቱ ጡረታ ሲወጣ አብሮ አይወጣም። ከመስኮታችን ሆነው ታች በር ላይ ካለው ጥበቃ ጋር ሲጨዋወቱ፣ በመሀል ያሉት ፎቆች ወደዱም ጠሉም የወሬው ተካፋይ ናቸው።

ከሁሉ የሚብሰው «አዎ» ሲሉ ነው። መቼም እኛ አገር አዎ ለማለት የግድ ቃል ማውጣት አያስፈልግም። አየር ሳብ እናደርጋለን፣ ቅንድባችን ብድግ ይላል፣ ነገሩ አለቀ። ይህቺ አዎ ፊደል የላትም። ያን ሁሉ ፊደል ከነዘሩ በልጅነታችን ስንሸመድድ ለእሷ አንድ እንኳ አልተመደበላትም። ልጽፋት ብሞክር «ህእ» ትሆናለች፤ ግን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ አንብቡልኝ። ሌላው ሰው ሲላት ቀላል ነገር ናት። የጋሽ ተሰማ ግን ያን ሁሉ የማሽን ጩኸት ተሻግራ አዳራሹ ጫፍ ላይ ለቆመው አለቃ እንድትደርስ የሠለጠነች ናት። አዲስ የገባችው ጎረቤታችን መጀመሪያ የሰማቻት ዕለት ሰው የታነቀ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጣ መጣች።

ባለፈው ዓመት ጋሽ ተሰማን ከቀኝ ጎድናቸው ሥር ያማቸው ጀመር። ሲመረመሩ የሐሞት ጠጠር ነው ተባለ። ሐኪሙ በኦፐሬሽን መውጣት አለበት አለና «ግን» ብሎ ቆም አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጥጥ ብናኝ ሲስብ የኖረ ሳንባ ነው። ማደንዘዣውን መቻሉ ሳይታወቅ ኦፐሬሽን የለም። ሳይሠራ ቢቆይ ደግሞ ጠጠሩ አንድ ቀን ቱቦውን ይዘጋና በጥድፊያ መክፈት ይመጣል፤ ያ የባሰ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ጋሽ ተሰማ ምን ያህል ትንፋሽ አላቸው በሚለው ላይ ቆመ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ትልቁ የሳንባ መመርመሪያ ማሽን ተበላሽቶ መለዋወጫ እየተጠበቀለት ነበር። ሲስተር ማህሌት የምትባል ባለሙያ «ግድ የለም፣ በትንሿ እንሠራለን» አለችና ከመሳቢያዋ አንድ ዕቃ አወጣች። ጌጅ ነው። ክብ ፊት፣ መርፌ፣ ከሥሩ የሚነፉበት ቱቦ። መርፌው መሀል ላይ ይቆማል፤ ሲነፉበት ወደ ቀኝ፣ ሲስቡበት ወደ ግራ ይሄዳል።

«ይሄ ራሱን ሳንባውን አይለካም» ብላ አስረዳችኝ። «የሚስበውንና የሚነፋውን ጡንቻ ጉልበት ነው የሚለካው። ከዚያ ዕድሜና ቁመት እንጨምርበትና ሳንባው ምን ያህል አየር እንደሚይዝ እንገምታለን።»

እንገምታለን ስትል ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። የወዛደሩን ትከሻ አይቶ በቀን ስንት ጆንያ እንደሚያራግፍ መናገር ማለት አይደለም? «ይሄማ የእኔ ሙያ ነው» አልኳት። ሲስተር ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

የጋሽ ተሰማ አፍንጫ በመቆንጠጫ ተያዘ፤ ቱቦውን ጎረሱ። «አባባ፣ አየር በደንብ ያስገቡና ባለ በሌለ ኃይልዎ ይንፉ። በቃ እስክልዎት እንዳያቆሙ» አለቻቸው። ይህን ያህል ግልጽ ነገር ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። እኔ ግን መጋዘን ውስጥ ወዛደር ሳዝዝ በየመሀሉ «ገባህ?» ካላልኩ ያዘዝኩ አይመስለኝም። አጠገባቸው ቆሜ ጀመርኩት፤ «ይንፉ አባባ፣ ገባዎት? በርቱ፣ በርቱ፣ ገባዎት?»

መርፌው ወደ ቀኝ ትንሽ ተነሳና ወደቀ። ደገሙ። ተነሳና ወደቀ። ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። ውጭ ሰልፉ ኮሪደሩን ሞልቶ በሩን እየገፋ ነው። ሲስተር ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ቁጥሩን ጻፈች። «ዝቅ ያለ ነው፤ በዚህማ የማደንዘዣው ሐኪም እሺ አይለኝም። ቤት እየተለማመዱ ይቆዩና በሦስት ሳምንት ተመለሱ፣ እንደገና እናየዋለን» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ተሰማ ክንዴን ያዙኝ። «አለቀ ማለት ነው?»

«ኧረ የለም አባባ፣ ትንሽ ቀነሰ እንጂ።»

«ምን ያህል ይቀረኛል?»

አላውቅም ማለት የሚባል ነገር አለ። ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። እኔ ግን ሙያዬ ቀደመኝና «ግማሹ አለ» አልኳቸው። ከጆንያ ጋር ስውል ግማሽ አለ ማለት የሚያጽናና ነገር ነው። ጋሽ ተሰማ ክንዴን ለቀቁና እስከ ታክሲው ድረስ መሬት መሬት እያዩ ሄዱ።

በማግስቱ ልምምዱን በእኔ አሠልጣኝነት ጀመርን። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አዘዝኩ። ከፊት ሆኜ እየመራሁ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝና ቁጭ አልኩ፤ እሳቸው ስለ ድሮ ፎርማናቸው እያወሩ አልፈውኝ ሄዱ። ይህ ራሱ አንድ ነገር ሊነግረኝ ይገባ ነበር። አልነገረኝም። ቀጥሎ ከልደት የተረፈ ፊኛ አመጣሁ። ጋሽ ተሰማ ፊኛውን ጥሩ አድርገው እየነፉት «ጎበዝ፣ እንደዚህ ነው፣ ገባዎት?» ስላቸው ፊኛው በአንድ ጊዜ እጥፍጥፍ ብሎ ባዶ ሆነ። ሌላ ሰጠኋቸው፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛውም ሲደገም ፊኛዎቹ ቀዳዳ ናቸው ብዬ ሦስቱንም ጣልኳቸው።

ሳምንቱ ሲያልቅ ትዕግሥቴም አለቀ። መሻሻላቸውን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት ልጠብቅ? ሥራ ቦታ ቁጭ ብዬ ሳስብ ከመጋዘናችን ፊት ለፊት የከድር ጎሚስታ ቤት ታየኝ። ጌጅ እንደሆነ ቃሊቲ ሞልቷል። አንድ ከባድ መኪና ቆሞ ንፋስ በሚሞላበት ሰፈር ጌጅ ፍለጋ ሆስፒታል መሄድ ለእኔ ሞኝነት መሰለኝ። ቅዳሜ ጠዋት አማቴን ይዤ ከድር ዘንድ ሄድኩ።

«ስንት ጎማ ነው?» አለኝ ከድር ቱታውን እየጠራረገ።

«ጎማ አይደለም። አማቴን ልለካ ነው።»

ከድር እኔን አየ፣ ጋሽ ተሰማን አየ። «ፋዘር፣ ምን አጥፍተው ነው?» አላቸው።

ነገሩን ሳስረዳው ጭንቅላቱን አከከ። «ይሄ እኮ የከባድ መኪና ጌጅ ነው» አለ። ቢሆንም ሰው ጠይቆት እምቢ የማይል ሰው ነውና ጌጁን በቤንዚን ወለወለው፣ ቀጥሎ የቤንዚኑን ሽታ በሳሙና አጠበው፣ ጫፉ ላይ ንጹሕ ቱቦ ሰካበትና አቀበላቸው። ጋሽ ተሰማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። አየር ሳቡ፣ ጉንጫቸው ተወጠረ፣ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ከድር ሞከረው፤ ምንም የለም። እኔ ጆሮዬ ጭው እስኪል ነፋሁ፤ ምንም የለም። ጎማው እስኪለጠፍለት የሚጠብቅ፣ ደረቱ በር የሚያህል ሾፌር «እስቲ ወዲህ በለው» ብሎ ተቀብሎ ነፋ፤ መርፌው ለእሱም አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ ነገሩ ገባንና ሦስታችንም ሳቅን። ያን ሁሉ ጭነት ለሚሸከም ጎማ የተሠራ ጌጅ የሰው ልጅ እፍታ ከምንም አይቆጥራትም። እየሳቅኩ ዞር ስል ጋሽ ተሰማ አልሳቁም። ጌጁን በሁለት እጃቸው ይዘው መርፌውን ያያሉ።

«ባለፈው ትንሽ ተነቃንቆ ነበር» አሉ።

የጌጁን ልዩነት እስከ ቤት ድረስ አስረዳኋቸው። ከድርም ሾፌሩም እኔም መርፌውን እንዳላነቃነቅነው ነገርኳቸው። ሰሚ አላገኘሁም። ቤት ስንገባ ሰናይትን ጠሯትና ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ተናገሩ፤ «ኦፐሬሽኑ ይቅር። የቀረችኝን ትንፋሽ ኦፐሬሽን አልጋ ላይ አልጨርሳትም። ከዛሬ ጀምሮ እቆጥባለሁ።» ከዚያ ዝም አሉ።

ዝም አሉ ስላችሁ ዝም ነው። ትንፍሽ አላሉም። በሁለተኛው ቀን ጥበቃው አራት ፎቅ ወጥቶ «ጋሼ አገር ቤት ሄዱ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ሰናይትን ደረጃ ላይ እየያዙ በሹክሹክታ ይጠይቋታል። እሷ ደግሞ በሩን ዘግታ እኔን ትጠይቀኛለች፤ «አባቴን ምን አደረግከው?» አንድ ሰው ሚስቱ ፊት ቆሞ «ጎሚስታ ቤት ወስጄ ለካኋቸው» ብሎ ሲናገር ምን እንደሚመስል የማታውቁ ካላችሁ፣ አለማወቃችሁ ጥሩ ነው።

ከንግግር ሁሉ የተረፈችው አንድ ነገር ብቻ ነበረች፤ ያቺ ፊደል የሌላት አዎ። ሰናይት ስለ እሷ ስትጠይቃቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር መለሱላት፤ «እሷ ታስገባለች እንጂ አታስወጣም።» ስለዚህ አማቴ የተጠየቁትን ሁሉ አዎ ማለት ጀመሩ። «አባዬ፣ ሽሮ ይሁን ምስር?» ህእ። «ቴሌቪዥኑ ይጥፋ?» ህእ። «ወይስ ይብራ?» ህእ። እኔ አጋጣሚውን ተጠቅሜ «አባባ፣ ይቅር ብለውኛል?» ብያቸው ህእ አሉኝ። ሰናይት ግን ይህ እንደማይቆጠር አስረዳችኝ።

ልንገራችሁ፣ ናፈቁኝ። አንድ ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ናፈቁኝ። ዜና ልስማበት እያልኩ ድምፃቸውን ስረግም የኖርኩ ሰውዬ፣ አሁን ዜናውን ጥርት አድርጌ ስሰማ አንድም ደስ የሚል ነገር የለውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ተነሳባቸው። ጎናቸውን በመዳፋቸው ይዘው ዕጥፍ አሉ፣ ላባቸው ጠብ ጠብ አለ፣ ግን አላቃሰቱም። ማቃሰት ትንፋሽ ይፈጃላ። ሰናይት ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ እኔ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ እጃቸውን ከመያዝ በቀር የማደርገው አጣሁ። ግማሹ አለ ያለ አፌን በገዛ እጄ ብመታው ደስ ባለኝ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። እኔ ማታውን ስንት የማሳመኛ ንግግር ሳሰላስል አድሬ ነበር። ሰናይት ጠዋት ጫማቸውን ወልውላ ከፊታቸው አስቀመጠችና በተለመደው ድምፅዋ «አባዬ፣ እንሂድ?» አለቻቸው።

ህእ አሉ።

ምን እንዳሉ የገባቸው ዘግይቶ ነው። ዓይናቸው ወደ ጫማው፣ ከጫማው ወደ ልጃቸው ሄደ። ቃላቸውን ለመመለስ አፍ ከፍቶ መከራከር ሊያስፈልግ ነው፤ ከሰናይት ጋር መከራከር ደግሞ ስንት ትንፋሽ እንደሚፈጅ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። አሰሉት መሰለኝ። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አጠለቁ።

ሲስተር ማህሌት ያንኑ ጌጅ አወጣች። ሰናይት ኮሪደር ላይ ቀረች፤ እኔ እንደ ባለሙያ አብሬ ገባሁ። መቆንጠጫው ተያዘ፣ ቱቦው ተጎረሰ፣ ሲስተር «ይንፉ» አለች። መርፌው ወደ ቀኝ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። እኔም ደስ ብሎኝ «እንደዚህ ነው አባባ፣ ገባዎት?» አልኩ። መርፌው በአንድ ጊዜ ተገልብጦ ወደ ግራ ጥግ ተፈናጠረ።

«ቆይ» አለች ሲስተር። ጌጁን አየች። «አባባ፣ መሀል ላይ ለምንድን ነው የሚስቡት?»

ጋሽ ተሰማ ቱቦውን ከአፋቸው አወጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው ወሬያቸው ይህ ነው፤ «አልሳብኩም። እሱ ገባዎት ይለኛል፤ እኔ አዎ እለዋለሁ። ሰው ሲጠየቅ ዝም ይላል እንዴ?»

ሲስተር ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ባለፈውም አጠገባቸው ነበርክ አይደል?»

አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩ።

«ውጣልኝ» አለች።

ወጣሁና ለሰናይት ምንም ሳልነግራት ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። የሲስተር ድምፅ ይሰማል፤ «ይንፉ፣ ይንፉ፣ እንዳያቆሙ፣ በቃ። ጎበዝ አባባ። አንድ ጊዜ ደግሞ።» ከዚያ «አሁን ደግሞ በኃይል ይሳቡ» አለች። እሳቸው አንድ ነገር ጠየቋት። «እንደሱ ነው፣ አዎ ይበሉኝ» ስትል ሰማሁ። ወዲያው የዚያች የመፍተያ ክፍል አዎ ድምፅ በሩን አልፎ ወጣ፤ ኮሪደር ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ቀና አለ። ሲስተር ከውስጥ ስትስቅ ይሰማል።

ወረቀቷን ይዛ ወጣችና ለማደንዘዣው ሐኪም አሳይታ ተመለሰች። የመንፋት ጉልበታቸው ለዕድሜያቸው ደህና፣ የመሳብ ጉልበታቸው ከደህናም በላይ ነው። ከዚያ ተነስታ ስታሰላው ሳንባቸው ለማደንዘዣው የሚበቃ አየር ይይዛል። «ግምት ነው፣ ግን የምንተማመንበት ግምት ነው። ሐኪሙም አይቶት ተስማምቷል» አለች። ሰናይት ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ጋሽ ተሰማ ከኋላዋ ብቅ አሉ። «ግማሽ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ትንሽ አዩኝና ባርኔጣቸውን ደፉ። ከሆስፒታሉ እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ በሁለቱም ታክሲ ውስጥ ሲያወሩ ሄዱ። ረዳቱ ሒሳብ መቀበሉን እስኪረሳ አስቆሙት። አንዲት ሴትዮ መውረጃዋን አልፋ ወሬው ሲያልቅ ወረደች። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ፈገግ ስል ሰናይት በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ፤ ከተቆጣችኝ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ኦፐሬሽኑ ከአሥር ቀን በኋላ ሆነ። አልጋቸው ወደ ውስጥ ሲገፋ ጋሽ ተሰማ የሚገፋውን ሰው የት ሰፈር እንደተወለደ እየጠየቁት ነበር። በሩ ሲዘጋ ግን ወሬው ተቋረጠ፤ ያን ጊዜ ፈራሁ። ግምት ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ስንት ቀን እርግጠኛ ሆኜ ቆሜ የጎደለብኝ ጆንያ አለ። ጆንያ ሲጎድል ይፈርማሉ፣ ይቀጣሉ፣ ያልፋል። ሰውየው ግን አንድ ናቸው። አግዳሚው ወንበር ላይ ከሰናይት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀመጥን፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አልገመትኩም።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተና አንዲት ነርስ ወጣች። ማንም ቀድሞ ሳይጠይቃት «ጠጠሩ ወጥቷል። አሁን ከማደንዘዣው እየነቁ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ይግባ» አለች። ሰናይት ልትነሳ ብድግ አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። «አንተ ግባ» አለችኝ።

ገባሁ። ጋሽ ተሰማ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል። ያለ ባርኔጣቸው፣ በዚያ ነጭ አንሶላ ሥር ትንሽ ሰው ሆነውብኛል። ነርሷ ደህና ናቸው ብላኛለች፤ ቢሆንም በዓይኔ ካላየሁ ብዬ አንሶላው ደረታቸው ላይ ከፍ ዝቅ ማለቱን ለማየት አልጋው አጠገብ ቆምኩ። ከፍ ሲል አየሁ። ዝቅ ሲል አየሁ። እንደገና ከፍ እስኪል ደርቄ ቆሜ ስጠብቅ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። ማን እንደሆንኩ ለመለየት ጊዜ ፈጀባቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ፊቴ ላይ ሲደርሱ ቅር አላቸው።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አሉኝ በዚያ ገና እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ። «ተንፍስ እንጂ።»